ካቻቢቴ አቀብለኝ፦ የጋራዥ ቋንቋ ከየት መጣ፣ ወዴትስ እየሄደ ነው?

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ወረድ ብሎ አንድ ጋራዥ አለ። የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ባሕር ዛፍ፣ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ መሬት። ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ መኪናዬ እስክትሠራ እጠብቃለሁ። ሽማግሌው መካኒክ ጭንቅላታቸውን ኮፈኑ ሥር ቀብረው ረዳታቸውን ያዙታል።

«ካቻቢቴዋን አቀብለኝ። ቺንጋዋን ፍታ። ካንዴላዎቹን ንቀልና ጥረግ። ብሎኑ ከነዳዶው እንዳይጠፋብህ!»

ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። የተባለውን ሁሉ አንዴም ሳይሳሳት ያቀብላል። እኔ ቃላቱን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ፣ የሞተሩ ቀበቶ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ብሎን፣ የብሎኑ ማሰሪያ ዳዶ። አምስቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። አቀብለኝ፣ ፍታ፣ ንቀል፣ ጥረግ፣ እንዳይጠፋብህ። እነዚህ ደግሞ ጥርት ያሉ አማርኛ። የዕቃው ስም በሙሉ የጣሊያን ነው፣ የሥራው ስም በሙሉ የእኛ።

ይህ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ቃል ብቻውን አገር አቋርጦ አይገባም። ከዕቃ ጋር ነው የሚገባው። ዕቃውን ደግሞ ሰው ያመጣዋል። ስለዚህ የአንድን ሙያ ቃላት ሰብስቦ ያያቸው ሰው፣ ያንን ሙያ ማን ለማን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንዳስተማረ ያገኛል። የጋራዥ ቋንቋ ማንም ቁጭ ብሎ ያልጻፈው የታሪክ መጽሐፍ ነው።

እስቲ ከትርጉማቸው እንነሳ። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ሞተሩ ውስጥ ብልጭ ብላ ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው እሷ ስለሆነች ሻማ አሏት። የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ በጣሊያንኛ ክዳን ያለው ድስት ነው። ከመኪና ሥር ተኝቶ ያየው ሰው ስሙ እንደማይበዛበት ያውቃል። ቴስታታ ከ«ራስ» የወጣ ነው፤ የሞተሩ ራስ ነውና። ፓራፋንጎ ሲፈታ «ጭቃ ከልካይ» ነው። ሞተሪኖ «ትንሽዬ ሞተር» ነው፤ ትልቁን ሞተር የምታስነሳው ትንሿ። ካቻቢቴ ሁለት ቃል ነው፤ «ብሎን የሚያስገባ» እንደማለት። ጎሚስታ ደግሞ «ባለ ጎማ» ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ኢስታ» ሙያን የምታሳይ ናት።

ፍሬቻ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ስለምወደው። ፍሬቻ ማለት ቀስት ነው። የዛሬው ፍሬቻ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ነው እንጂ ቀስት አይመስልም። የድሮ መኪኖች ግን ሲታጠፉ ከጎናቸው አንዲት አጭር ክንድ እንደ ቀስት ብቅ ትል ነበር። ክንዷ ከቀረች ስንት ዘመን ሆነ። ስሟ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እኛ አፍ ላይ አለ። የታክሲ ረዳቱም፣ ትራፊኩም፣ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ የሚማረው ወጣትም በቀን ስንት ጊዜ «ቀስት» ይላል፣ ሳያውቀው።

ለሽማግሌው መካኒክ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ካንዴላ እኮ በጣሊያንኛ ሻማ ነው» አልኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቀና አሉ። ትንሽ ዝም አሉና «ለካ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሻማ ስቀይር ነው የኖርኩት» አሉኝ። ከዚያ ካንዴላዋን ወደ ፀሐይ አንስተው አዲስ ነገር እንዳዩ ሁሉ ዙሪያዋን አዩዋት።

ቃላቱ እንደመጡ አልቀሩም። የእኛ ሰው አፉ ላይ እስኪመቹት ገራቸው። ካቻቪቴ የነበረው ካቻቢቴ ሆነ፤ «ቨ» ለአማርኛ እንግዳ ድምፅ ናትና በ«በ» ተተካች። መስታወቱ «ስፔኪዮ» የነበረው ስፖኪዮ ተባለ። ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚጫንበት «ፖርታባጋሊ» ነበር፣ «ሻንጣ ተሸካሚ» ለማለት። እኛ ፖርቶ መጋላ አልነው። ይሄ ቃል አሁን የሮም ሰው ፊት ቢጠራ አባቱን የሚያውቅለት የለም። ደግሞ ሽማግሌው «ካቻቢቴውን» አላሉም፤ «ካቻቢቴዋን» ነው ያሉት። እጅ የለመዳትን ትንሽ ዕቃ በሴት መጥራት የአማርኛ ፍቅር ነው። አንድ የባዕድ ቃል እንዲህ ከተጠራ ቤተሰብ ሆኗል ማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። እንዴት መጡ?

መኪና ኢትዮጵያ የገባችው ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ መኪና ነበራቸው። ከዚያም ቀደም ብሎ ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ አምጥቶ፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎታል። ባቡር የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛው «እንፋሎት» ተነስቶ በቱርክና በዓረብ አፍ ዞሮ የደረሰን ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ፈረንሳይኛው ተከትሎ መጣ። ለገሀር ማለት «ጣቢያው» ማለት ነው። ሹፌርም የፈረንሳይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ንብርብር ፈረንሳይኛ ነበር። ግን ስስ ነበር። መኪና ያለው ጥቂት መኳንንትና ነጋዴ ብቻ ነበርና ስሙን የሚጠራው ሰውም ጥቂት ነበር።

ከዚያ 1928 ዓ.ም. መጣ። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ በሺህ የሚቆጠሩ የጭነት መኪኖች ይዞ ነው። መንገድም ይሠራ ጀመር፤ ወደ ደሴ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ጎንደር። ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስተው ዋሻ አወጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። መንገዱ ለእኛ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ጦርና ስንቅ ለማመላለስ ነበር። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት በዚህች ከተማ የፈሰሰውን ደም የረሳ ሰው ስለ መንገዱ ብቻ ቢያወራ ግማሹን ነው ያወራው።

ቃላቱ የተማሩበት ሁኔታም ከዚያው ጋር የተያያዘ ነው። የቅኝ ገዢው ፖሊሲ ኢትዮጵያዊ ከፍ ያለ ትምህርት እንዲማር አልፈቀደም። ጉልበት ሠራተኛና ረዳት እንዲሆን ነው የፈለገው። ረዳት ደግሞ የሚማረው በዓይኑና በጆሮው ነው። ጣሊያኑ መካኒክ ከመኪና ሥር ተኝቶ እጁን ዘርግቶ «ካቻቪቴ!» ይላል። ረዳቱ የተሳሳተ ካቀበለ ይሰደባል። በሁለተኛው ቀን አይሳሳትም። ማንም «ካንዴላ ሻማ ማለት ነው» ብሎ አልተረጎመለትም። ትርጉሙ ዕቃው ነበር። የኔ ሽማግሌም ሃምሳ ዓመት ሙሉ ትርጉሙን ሳይሰሙ የቆዩት ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው «በአምስት ዓመት ይህ ሁሉ ቃል እንዴት ገባ?» ብሎ ይገረማል። መልሱ፦ በአምስት ዓመት ብቻ አልገባም። ሁለት ሌሎች በሮች ነበሩ። አንደኛው አስመራ ነው። ኤርትራ ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ በጣሊያን እጅ ስለነበረች እዚያ ያደጉ ባለሙያዎች ሞተር ፈትቶ መግጠምን ቀድመው ተምረዋል። በኋላ ብዙዎቹ ወደ መሐል አገር መጥተው ጋራዥ ከፈቱ፣ ልጅ አሠለጠኑ። ሁለተኛው ከድል በኋላ የቀሩት ጣሊያኖች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ሲመለሱ በጣሊያን ሲቪሎች ላይ በቀል እንዳይፈጸም አዘዋል። ሙያ ያላቸው ብዙዎች እዚሁ ቀሩ። ጋራዥ፣ የእንጨት ሥራ፣ የግንባታ ሥራ ከፈቱ። የእኔ ሽማግሌ በ1960ዎቹ ሲጀምሩ ያሠለጠናቸው ሰው ጣሊያን ጌታ ዘንድ የሠራ ኢትዮጵያዊ ነበር። ከጣሊያኑ ለእሱ፣ ከእሱ ለእሳቸው፣ ከእሳቸው ለዚህ ልጅ። ሦስት ቅብብል ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ መኪኖቹ ራሳቸው ጣሊያን ሠራሽ መሆናቸው ቀጠለ። በዕድሜ የገፉ የጭነት ሹፌሮች «ኤን ትሬ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። የፊያት መኪና ሞዴል ነው። «ትሬ» ሦስት ማለት ነው። አገሩን ቡናና እህል ያመላለሰ መኪና ስለሆነ ሰው ቁጥሩን በጣሊያንኛ ቆጠረው።

በከተማው ውስጥም ቃላቱ መሬት ይዘው ቀርተዋል። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ፖፖላሬ። ካዛንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው የጣሊያን ተቋም ስም የመጣ ነው። ታርጋ፣ ቦሎ፣ ፌርማታ፣ ፋብሪካ፣ ጋዜጣ፣ ሊስትሮ። ይህን ሁሉ መዘርዘር ግን አያልቅም፣ እንለፈው።

አንድ ነገር ግን መብራራት አለበት። ለምን በአማርኛ አልተተኩም? «ሻማ» ማለት ምን ይከብድ ነበር?

የእኔ መልስ ከሙያው ክብር ጋር የተያያዘ ነው። በአገራችን ብረት የሚሠራ ሰው ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ ተብሏል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን አላጠፋውም። ፊደል የቆጠረው ልጅ ቢሮ ገባ፣ ብረቱ ፊደል ላልቆጠረው ቀረ። ተግባረ ዕድን የመሰሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሠርተዋል፣ ውለታቸው ትልቅ ነው። አብዛኛው መካኒክ ግን እንደ ኔ ሽማግሌ ከመኪና ሥር ነው የተመረቀው። ቃል የሚተረጉሙት ሰዎች ዘይት አልነኩም፣ ዘይት የነኩት ሰዎች መዝገበ ቃላት አልጻፉም። ስለዚህ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ፣ እንደ ተወረሰ መዶሻ ተላለፈ።

ደስ የሚለኝ አንድ ቃል አለ። ቅጥቅጥ። የአይሱዙ ጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ፣ ወንበር ተበይዶ የሚሠራው አውቶቡስ ነው። ቀጥቃጭ የሚለው ስድብ የነበረበት አገር፣ የሠራውን አውቶቡስ ቅጥቅጥ ብሎ ጠርቶ ክፍለ ሀገር ለክፍለ ሀገር ተሳፈረበት። የዕቃው ስም የእኛ የሆነው ዕቃውን ራሳችን ስለሠራነው ነው።

ከጣሊያንኛው በላይ ሌላ ንብርብር አለ። ከጋራዡ ፊት ለፊት መንገድ እየተሠራ ነው። እዚያ ያሉትን ማሽኖች ተመልከቱ። ግሬደር፣ ዶዘር፣ ሎደር፣ ሮለር፣ ኤክስካቫተር። አንድም ጣሊያንኛ የለም። ለምን? በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤትን ሲያቋቁም ገንዘቡ ከዓለም ባንክ ብድር፣ ባለሙያው ከአሜሪካ ነበር። ማሽኖቹም ከዚያው መጡ። ስለዚህ ጣሊያኖች መንገድ የሠሩ ቢሆንም፣ የዛሬ መንገድ ሠሪ የሚናገረው የአሜሪካኖቹን ቃል ነው። መኪናውና መንገዱ በአንድ ቦታ እየተያዩ በሁለት ቋንቋ ይጠራሉ። ባጃጅ ደግሞ የሕንድ ድርጅት ስም ነው፤ ሦስት እግር ያለው ሁሉ በእሱ ይጠራል።

አሁን ደግሞ ቻይና አለ። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ የሚደርሰውን ፈጣን መንገድ የቻይና ድርጅት ነው የሠራው። ከከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሳውን የኤሌክትሪክ ባቡርም እንዲሁ። በአገሪቱ ከጣሊያን አምስት ዓመት ይልቅ ብዙ የሠራው፣ ብዙ ዓመትም የቆየው ቻይና ነው። አማርኛ ውስጥ የገባ የቻይንኛ የሙያ ቃል ግን አንድም አላገኘሁም። ሲኖትራክ አለ ትሉኝ ይሆናል። «ሲኖ» ግን በአውሮፓውያን ቋንቋ «የቻይና» ማለት ነው። ቻይና ራሷ ዕቃዋን በሌላ ሰው ቋንቋ ሰይማ ነው የላከችልን።

ምክንያቱ ብዙ የተወሳሰበ አይደለም። ቃል የምንበደረው ዕቃው ስም ሳይኖረው ሲመጣ ነው። ቻይና ስትመጣ ጎማው ጎማ፣ ሎደሩ ሎደር ተብሎ ነበር። ደግሞም ከቻይናው ፎርማን ጋር የምንግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ጣሊያኑ ረዳቱን በራሱ ቋንቋ ጠራው፣ ቻይናው በሦስተኛ ወገን ቋንቋ ጠራው። የማሽኑ መመሪያም እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ተገናኝተው የማንም ባልሆነ ቃል ሠርተው ይለያያሉ።

አንድ ሌላ ለውጥ አለ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው። ጣሊያንኛ የሰጠን በአብዛኛው ስም ነው አልኩ። እንግሊዝኛ ግን ግሱንም ይዞ እየገባ ነው። ዛሬ ወጣቱ መካኒክ «ስካን አድርገው»፣ «ሪሴት አድርገው»፣ «አፕዴት አድርገው» ይላል። ፍታ፣ እሰር፣ ንቀል፣ ግጠም የሚሉት የእኛ ግሶች ቦታ ለቀቁ። እንዲሁ ፋሽን አይደለም። መፍታትና ማሰር እጃችን ድሮም ያውቀው ነበር። ገመድ እንፈታለን፣ በሬ እንጠምዳለን፣ ችግኝ እንነቅላለን። ስለዚህ ለሞተሩም በቃን። «ሪሴት» የሚባለውን ሥራ ግን እጅ አይሠራውም። ስክሪን ላይ የሚነካ ነው። ሥራው ራሱ እንግዳ ስለሆነ ግሱም እንግዳ ሆኖ ገባ።

ይህ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ያደርሰናል።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ምክንያቱ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገዛ ነው። ኤሌክትሪኩ ግን የራሳችን ነው። በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ውሳኔው ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ለሌላ ጊዜ ላቆየው። ጋራዡ ውስጥ ምን ያደርጋል የሚለው ነው የያዘኝ።

የቤንዚን ሞተር እንዲህ ነው የሚሠራው። ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ሲሊንደር ውስጥ ይገባሉ። ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ያምቃቸዋል። ካንዴላዋ ብልጭ ትላለች። ቅልቅሉ ይነዳል፣ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዷ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ ብልጭ ትላለች። ጭስ ስላለ ማርሚታ ይፈለጋል። ሙቀት ስላለ ራዲያተር ይፈለጋል። ሞተሩ ዙሩ ከወረደ ስለሚጠፋ፣ ከቆመበት ጭነት ይዞ መነሳት አይችልም። ስለዚህ ሞተሩንና ጎማውን እያላቀቀ የሚያገናኝ ፍሪሲዮን ያስፈልጋል። ፍጥነትና ጉልበት የሚያመዛዝን ካምቢዮ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ከቤንዚኑ ጉልበት ጎማው ላይ የሚደርሰው ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይበናል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ከዚህ አብዛኛውን አይፈልግም። የሽቦ ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ማግኔት ይሆናል። ማግኔት ማግኔትን ይስባል፣ ይገፋል። ያንን ስበትና ግፊት በክብ ካዞሩት ሞተር ሆነ። ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበት ይሰጣል። ፍሪሲዮን የለም። ካንዴላ የለም። ቴስታታ የለም። ማርሚታ የለም። የሞተር ዘይት ቅየራውም የለም። የሽማግሌው ግማሽ መዝገበ ቃላት በአንድ ጊዜ ሥራ ይፈታል ማለት ነው።

አንድ ቃል ግን በተለየ መንገድ ይተርፋል። ዲናሞ። በቤንዚን መኪና ዲናሞ የሚዞረው በቺንጋ ነው፣ እየዞረ ባትሪ ይሞላል። ሞተርና ዲናሞ አንድ ዓይነት ማሽን ናቸው። ኤሌክትሪክ ስትሰጠው ይዞራል፣ ስታዞረው ኤሌክትሪክ ይሰጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ ይህን ይጠቀምበታል። እግርህን ስታነሳ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፣ መኪናዋም ትገታለች። ለሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው። «አሃ፣ እሱ ራሱ ዲናሞ ይሆናላ!» አሉ። አንዲት የቆየች ቃል ትልቁን ምሥጢር በአንድ አረፍተ ነገር አስረዳቻቸው።

ፍሬን፣ ጎማ፣ ንዝረት የሚያበርደው ሞላ፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ ይቀጥላሉ። ሌላም ያስተዋልኩት አለ። የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዱ ሰዎች ፍጥነት ለመጨመር ሲረግጡ እስካሁን «ነዳጅ ሰጠሁት» ነው የሚሉት። የሚነድ ነገር የለም፣ ነዳጅ ግን ይሰጣሉ። ቀስቷ ቀርታ ፍሬቻ እንዳልቀረ ሁሉ።

የሚያሳስበኝ ግን ቃል መጥፋቱ አይደለም። የሚያሳስበኝ የመማሪያው መንገድ ነው። የጣሊያኑ ረዳት ክልከላ ቢኖርበትም ዕቃው ክፍት ነበር። ሞተር ፈትቶ ማየት ይቻላል። የተበላው ፍሪሲዮን ይዳሰሳል፣ የጠቆረችው ካንዴላ ትታያለች፣ የላላ ቺንጋ ሲጮህ ይሰማል። ደሃ ልጅ በጆሮው፣ በጣቱ፣ በአፍንጫው ተምሮ ባለሙያ ይሆን ነበር። የአዲሱ መኪና ብልሽት ግን ብዙ ጊዜ ኮድ ነው። ኮዱን የሚያነብ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሶፍትዌር የሚገኘው ከአምራቹ ብቻ ነው። ባለፈው አንዲት ጎረቤቴ መኪናዋ ቆማባት፣ መልእክቱ ስክሪኑ ላይ በቻይንኛ ነበር። ሦስት ጋራዥ ዞረች። ሦስቱም ቦታ ልምድ ያላቸው እጆች ነበሩ። አንዳቸውም ሊያነቡት አልቻሉም።

አደጋም አለው። በለመድነው መኪና ባትሪው 12 ቮልት ነው፣ በባዶ እጅ ይነካል። የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ቮልት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ነው። የቤታችን መብራት 220 ነው። ባትሪው ከተቋረጠ በኋላም የቀረው ኃይል እስኪወጣ ደቂቃዎች መጠበቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ለ1000 ቮልት ተብሎ የተሠራ ጓንት ይደረጋል። በጆሮ የተማረ ልጅ እዚህ ላይ «ስህተት ሲሠራ ይማራል» አይባልም። አንድ ስህተት ብቻ ናት ያለችው።

ስለዚህ ይህን ሥራ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ የሚያስተምር ሰው እንፈልጋለን። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለገባው ብቻ አይበቃም። ቆርቆሮ አጥር ውስጥ ላለውም ጭምር ነው። ሃምሳ ዓመት ያገለገለው እጅ «ወረቀት የለህም» ተብሎ በር ላይ እንዳይቀር እፈልጋለሁ። የሙያ ብቃት የሚመዘንበት የሲኦሲ ፈተናም በሚያውቀው ቃል ይጠይቀው።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ጋራዥ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና መጣ። ከሥሩ ይንኳኳል አለ ሹፌሩ። የሞላ ችግር ይመስላል። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ክሪክ አስገብተው አነሱት፣ ካርቶን አነጠፉ፣ በጀርባቸው ገቡ። ልጁ ጎንበስ ብሎ መብራት ያዘላቸው። እጃቸው ወደ ወለሉ ሲዘረጋ ወፍራም ብርቱካንማ ገመድ አጠገብ ደረሰ። ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበት ገመድ በዚያ ቀለም ነው የሚሸፈነው።

«ጋሼ! ብርቱካኑን እንዳይነኩ!»

እጃቸው በአየር ላይ ቀረች። ቀስ ብለው ወጡ፣ አቧራቸውን አራገፉ። ማን እንደነገረው ጠየቁት። ሰፈር ያለ ልጅ ኮሌጅ ተምሮ ነግሮኝ ነው አለ። ለምን እንደማይነካ ያስረዳቸው ጀመር። መጀመሪያ ምን እንደሚቋረጥ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅ። ሃምሳ ዓመት የሠሩት ሰው ጎማው ላይ ተቀምጠው ሰሙት። አልፎ አልፎ ይጠይቁታል። ሲጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ረዳት፣ ገና ሥራ የጀመረ፣ መኪናው ሥር ሊገባ ሲል ሰማኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ ብርቱካኑን እንዳትነካ!»